ኤ እና ቢ የት ገቡ?

የእህቴ ልጅ ዊንዶውሱ ተበላሽቶበት ላፕቶፑን ፎርማት ላድርግለት ይዞት መጣ። "ጋሼ፣ የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው አይደል? ፊልሞቼ ያሉት ዲ ላይ ነው" አለኝ። ሲ ብቻ ነው አልኩት። (ዊንዶውስ የፋይል ማከማቻዎቹን በፊደል ነው የሚጠራቸው፣ ሲ፣ ዲ እያለ።) ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "ቆይ ግን፣ ከሲ የሚጀምረው ለምንድን ነው? ኤ እና ቢ የት ገቡ?" አለ።

"የፍሎፒ ቦታ ነበሩ" ብዬ ተገላገልኩ። ልጁ ፍሎፒን፣ ያንን እየተከተተ የሚወጣ የድሮ ጠፍጣፋ ዲስክ፣ የሚያውቀው "ሴቭ" የሚለው ምልክት ላይ ባለው ስዕል ብቻ ነው። መልሴ ስህተት የለበትም፤ ጥያቄውን ግን አልመለሰም። ፍሎፒ ከቀረ ስንት ዓመቱ! ቦታው እስካሁን ለማን ነው የሚጠበቀው? ደግሞስ ያኔ ሁለት ድራይቭ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ኤ፣ የትኛው ቢ እንደሆነ ማሽኑ በምን ያውቅ ነበር? እቃዎቹ እኮ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ መንታዎች ናቸው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ድራይቭ ማለት ማጫወቻው ነው፤ ዲስክ ማለት ውስጡ የሚገባው። የቴፕና የካሴት ነገር ነው። ዛሬ ሃርድ ዲስክ ከማጫወቻው ጋር አንድ ላይ ስለታሸገ ልዩነቱ አይታየንም። በፍሎፒ ዘመን ግን አንድ ቴፕ ነበር፣ ካሴቱ ደግሞ መደርደሪያ ሙሉ። ስለዚህ "ኤ" ሲባል ቴፑ ነው የተጠራው ወይስ ካሴቱ? ከታች የምታነቡት ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከኬብሉ እንጀምር። በ1976 ሹጋርት አሶሺየትስ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ኤስኤ400 የተባለ ባለ 5.25 ኢንች ፍሎፒ ድራይቭ አወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ አምራቾች የሱን አገናኝ ተከተሉ። ጠፍጣፋ ኬብል ነው፣ 34 ሽቦ ጎን ለጎን የተጣበቀበት። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሽቦዎች መሬት (ግራውንድ) ናቸው፣ ትእዛዝ አይሄድባቸውም፤ ሥራው ያለው ተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6 እያለ) ባላቸው ላይ ነው።

ድራይቮቹ በሙሉ እንደ ልብስ በአንድ ገመድ ላይ ይሰጣሉ። ኮምፒውተሩ "ጭንቅላትህን አንድ ትራክ ወደ ውስጥ አስገባ" ብሎ ሲልክ (ትራክ ማለት ዲስኩ ላይ ዳታ የሚጻፍበት ክብ መስመር ነው) ምልክቱ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ሁሉም ከታዘዙ ደግሞ ጉድ ነው። ለዚህ ሲባል መምረጫ ሽቦዎች ተመደቡ። 10ኛው ሽቦ ለመጀመሪያው ድራይቭ፣ 12ኛው ለሁለተኛው፣ 14ኛው ለሦስተኛው። ሽቦው ያልተጠራበት ድራይቭ ትእዛዙን እየሰማ ዝም ይላል።

ድራይቩ ግን የትኛው ሽቦ የእሱ እንደሆነ በምን ያውቃል? ሲወለድ አያውቅም። እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። ከድራይቩ ጀርባ፣ ሰርኪዩቱ ላይ፣ ጃምፐር አለ። ሁለት የብረት እግሮችን የምታገናኝ፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ፕላስቲክ ቆብ ነች። መጀመሪያው ላይ ከሰካችኋት ድራይቩ "አንደኛ ነኝ" ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ከሆነ "ሁለተኛ ነኝ"። ሁለቱንም አንድ ቁጥር ላይ ከተዋችኋቸው ሲጠሩ እኩል "አቤት" ይላሉ፤ የሚነበበውም ቅልቅል ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ኬብሉ መጨረሻ ላይ ያለው ድራይቭ የሬዚስተር ጥርቅም ሊኖረው ይገባል። ምልክቱ ሽቦው ጫፍ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚውጠው እሱ ነው። መሃል ያለው ላይ ደግሞ ያው ሬዚስተር መነቀል አለበት። ስለዚህ ሁለተኛ ድራይቭ የሚጨምር ሰው ሥራው እቃውን መሰካት ብቻ አልነበረም። ጃምፐሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሬዚስተሩን ይነቅላል፣ ከዚያ ይጸልያል።

አይቢኤም ይህንን ጣጣ በአንድ ጠማማ ብልሃት አቃለለው። "ጠማማ" ያልኩት በቀጥታ ትርጉሙ ነው።

የአይቢኤም ፒሲ የወጣው ኦገስት 12 ቀን 1981 ነው። የድሮ ማሽን ከፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ ያንን ግራጫ ኬብል አይታችሁታል። ከኮንትሮለሩ (ድራይቮቹን ከሚያዘው ካርድ) ይነሳል፣ መሃል ላይ አንድ መሰኪያ አለው፣ ከዚያ ወደ ጫፉ ሲሄድ ከመሃሉ ሰባት ሽቦዎች ተነጥለው ይወጣሉ፣ አንድ ጊዜ ይገለበጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲያየው የተበላሸ ኬብል ይመስለዋል። እኔም ሳየው በምላጭ ቀድጄ ላስተካክለው አስቤ ነበር፤ እንኳን ሰነፍኩ።

ሰባቱ ሽቦዎች ከ10 እስከ 16 ያሉት ናቸው። ሲገለበጡ 10ኛው የ16ኛውን ቦታ፣ 12ኛው የ14ኛውን ቦታ ይይዛል። አይቢኤም ደግሞ እነዚህን ሽቦዎች በራሱ መንገድ አከፋፍሏቸዋል። 10 የኤ ሞተር ማስነሻ፣ 12 የቢ መምረጫ፣ 14 የኤ መምረጫ፣ 16 የቢ ሞተር ማስነሻ።

አሁን እጃችሁ ላይ ሁለት ድራይቭ አለ እንበል። ሁለቱም ጃምፐራቸው "ሁለተኛ" ላይ ነው። ሁለቱም የሚያዳምጡት 12ኛውን ሽቦ ነው ማለት ነው። መሃሉ ላይ የተሰካው 12ን ሲያዳምጥ የሚደርሰው የቢ ጥሪ ነው። ጫፉ ላይ የተሰካውም 12ን ያዳምጣል፤ ነገር ግን ሽቦዎቹ እሱ ጋ ሳይደርሱ ስለተገለበጡ እዚያ ቦታ ላይ የሚያገኘው 14 ነው፣ የኤ ጥሪ። ሞተሩም እንዲሁ። ሁለቱም ድራይቮች "ሁለተኛ ነኝ" ብለው ያምናሉ፤ ኬብሉ ግን አንዱን ኤ፣ አንዱን ቢ አድርጓቸዋል።

የዚህ ጥቅሙ ፋብሪካ ላይ ነው። ድራይቮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ተደርገው ይመጣሉ፣ ማንም ጃምፐር አይነካም። ማንነታቸውን የሚወስነው የተሰኩበት ቦታ ነው። ሌላም ትርፍ አለው። በሹጋርት አሠራር የሞተር ሽቦው የጋራ ስለነበር አንዱ ሲጠራ ሁሉም ይሽከረከሩ ነበር። በአይቢኤም ኬብል እያንዳንዱ የራሱ ሞተር ማስነሻ አለው። የመጀመሪያው ፒሲ ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 63.5 ዋት ብቻ እንደነበረ ስታስቡ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ የቤት አምፖል የሚበላውን ያህል ማለት እኮ ነው።

የተከፈለውም ዋጋ አለ። ሹጋርት በሦስት ሽቦ ሦስት ድራይቭ ይመርጥ የነበረውን አይቢኤም በአንድ ኬብል ሁለት ብቻ አደረገው። ሦስተኛና አራተኛ የፈለገ ሰው ኮንትሮለሩ ካርድ ጀርባ ላይ፣ ከማሽኑ ውጭ፣ ሌላ መሰኪያ ነበረለት። የተጠቀመበትን ሰው ግን እኔ አላውቅም።

እሺ፣ ኬብሉ ለየ። ስንት ድራይቭ እንዳለ ማሽኑን የሚነግረውስ ማን ነው? በመጀመሪያው ፒሲ ይህንንም የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ በተርታ የቆሙ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ሰባተኛዋና ስምንተኛዋ ሥራቸው የፍሎፒ ድራይቮችን ብዛት መናገር ነው። ድራይቭ ጨምራችሁ እነሱን ሳታንቀሳቅሱ ከከደናችሁ ማሽኑ አዲሱን እቃ አያውቀውም። ክዳኑ እንደገና ይፈታል።

ከዚያ ባዮስ ይመጣል፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ውስጡ የተቀመጠ ፕሮግራም። ባዮስ ፊደል አያውቅም፤ ፍሎፒዎችን ከ0 ጀምሮ ይቆጥራል፣ በኋላ የመጡትን ሃርድ ዲስኮች ደግሞ ከ128 ጀምሮ። ኤ እና ቢ የሚሉት ስሞች የሚመጡት በመጨረሻ፣ ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን ያስተዳድር የነበረው ሥርዓት) ሲነሳ ነው። ስለዚህ ያው አንድ እቃ ጃምፐሩ "ሁለተኛ" ይለዋል፣ ባዮስ "0" ይለዋል፣ ዶስ "ኤ" ይለዋል። ቤት ማሙሽ፣ ትምህርት ቤት አበበ፣ ቢሮ አቶ አበበ እንደሚባለው ሰው። ድራይቭ አልሠራ ሲል ችግሩን ፍለጋ የሚያንከራትተውም ይኸው ነው። ሰው በየቤቱ የሚጠይቀው በሌላ ስም ነዋ።

ፊደሎቹን ዶስ ራሱ አልፈጠራቸውም። የወረሳቸው ጌሪ ኪልዳል በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሠራው ሲፒኤም ከሚባለው ሥርዓት ነው። ሐሳቡም ከዚያ በፊት በአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ላይ ነበር። ሲፒኤም ላይ ፊደሉ የቴፑ ስም ነበር፣ የካሴቱ አይደለም። ግን ካሴቱ ሲቀየር ምን ይፈጠራል?

ሲፒኤም መልስ ነበረው፣ ቁጡ መልስ። የገባውን ዲስክ ዝርዝር አንድ ጊዜ አንብቦ በልቡ ይይዛል። ሳትነግሩት ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ብትከቱበት፣ ሊጽፍ ሲል ዝርዝሩ አልገጥም ይለዋል። ያኔ ዲስኩን "ለንባብ ብቻ" ብሎ ይቆልፈውና ፕሮግራሙን ያቆማል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጽፉት የቆያችሁት ደብዳቤ እዚያው ይቀራል። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን አስቡት፣ ባይቆልፍ ኖሮ የአንዱን ዲስክ ማውጫ በሌላው ላይ ጽፎ ሁለቱንም ሊያበላሽ ይችል ነበር። ተጠቃሚው ዲስክ በቀየረ ቁጥር ኮንትሮልና ሲን አብሮ ተጭኖ "ቀይሬያለሁ" ማለት ነበረበት። የረሳ ይቀጣል።

ዶስ ይህን አለሳልሶታል። ደስ የሚለው ብልሃቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ድራይቭ ብቻ ያለው ማሽን ላይ ሁለት ፊደል ይሰጣል።

ያን ጊዜ ሁለት ድራይቭ መግዛት ቅንጦት አልነበረም፣ ግን ገንዘብ ነበር። ሁለት ያለው ሰው ፕሮግራሙን ኤ ላይ፣ የሚሠራውን ፋይል ቢ ላይ አድርጎ በሰላም ይሠራል። አንድ ብቻ ያለውስ? ፕሮግራሞችና የአሠራር መመሪያዎች ሁሉ "ከኤ ወደ ቢ ቅዳ" እያሉ ነው የተጻፉት። ዶስ ለእሱ ያንኑ አንድ ድራይቭ ኤም ቢም ብሎ ጠራው። "ከኤ ወደ ቢ ቅዳ" ስትሉት ከኤ ያነባል፣ ከዚያ ይቆምና "የድራይቭ ቢን ዲስክ ክተት፣ ሲዘጋጅ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን" ይላል። እናንተ ዲስኩን ትቀይራላችሁ። ድራይቩ ያው ነው፣ ስሙ ግን አሁን ቢ ሆኗል። ዶስ በዚህ ሰዓት ድራይቩ በማን ስም እንደተቀመጠ በሜሞሪው አንድ ጥግ ይመዘግባል።

ልብ ካላችሁ እዚህ ላይ የፊደሉ ትርጉም ሳይታወቅ ተገለበጠ። ሁለት ድራይቭ ባለው ማሽን ላይ ኤ ቴፕ ነው። አንድ ባለው ላይ ግን ኤ እና ቢ ሁለት ካሴቶች ናቸው። ስሙ ያው፣ የሚጠራው ሌላ።

ሥራው ምን እንደሚመስል በእጅ እንየው። የመጀመሪያው ፒሲ ዲስክ በአንድ ገጹ 40 ትራክ አለው፣ በእያንዳንዱ ትራክ 8 ሴክተር (የትራክ ቁራጭ)፣ በእያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት። አባዙት፣ 160 ኪሎባይት ይመጣል። ማሽኑ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው እንበል፤ ዶስ ድርሻውን ወስዶ 40 ተረፈ እንበል። ዲስኩን በሙሉ ለመቅዳት ዋናውን ትከታላችሁ፣ 40 ይነበባል። ታወጣላችሁ፣ ባዶውን ትከታላችሁ፣ 40 ይጻፋል። ታወጣላችሁ። ይህ አራት ጊዜ ነው፣ ስምንት ክተት። በ1983 ዲስኩ በሁለት ገጽ 360 ኪሎባይት ሲሆን በዚያው ሜሞሪ ዘጠኝ ዙር ይፈጃል፣ አሥራ ስምንት ክተት። በአሥራ አንደኛው ክተት አካባቢ ስልክ ይጮሃል። ተመልሳችሁ ስትመጡ ስክሪኑ "ዋናውን ክተት" ይላል፣ እጃችሁ ላይ ያለው ግን የትኛው ነበር?

ስህተቱ የሚያስከፍለው ባዶውን "ዋናው ነው" ብላችሁ ብትከቱ አይደለም፤ ዋናውን "ባዶው ነው" ብላችሁ ብትከቱ ነው። ያኔ ማሽኑ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ልምድ ያለው ሰው ለዚህ የሚያደርጋት ነገር ነበረች። ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ ጎኑ ላይ የተቦደሰች ስንጥቅ አለችው። እሷ ላይ ትንሽ ማጣበቂያ ሲለጠፍባት ድራይቩ ሊጽፍበት አይችልም። ዋናው ዲስክ ላይ ሳይለጥፉ መቅዳት የጀመሩ ሰዎች ዋናቸውን አጥተዋል።

ሌሎቹ ኩባንያዎች ደግሞ ፊደል የሚባል ነገር አላሰቡም። አፕል 2 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ የሚጠራው አድራሻ ነበር። በ1978 የወጣው የዲስክ ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ካሉት ስሎቶች (የካርድ መሰኪያዎች) በአንዱ ላይ ይሰካል፣ ብዙ ጊዜ 6ኛው ላይ። አንድ ካርድ ሁለት ድራይቭ ይሸከማል። የሁለተኛውን ዝርዝር ማየት ስትፈልጉ "ካታሎግ፣ ስሎት 6፣ ድራይቭ 2" የሚል ትእዛዝ በምህጻረ ቃል ትጽፋላችሁ። ሁለት ድራይቭ ካልበቃችሁ ሌላ ካርድ ስሎት 5 ላይ ትሰካላችሁ፣ ሁለት ይጨመራል። ክዳኑን ከፍታችሁ ካርዱን ስታዩ አድራሻው ይታያችኋል፤ ምንም ምስጢር የለውም። ለእኔ ከሁሉም ግልጹ ይህ ነው። የሚያስቸግረው ካርዱን ከቦታው ስታዛውሩት "ስሎት 6" ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ ባዶ ቤት ማንኳኳቱ ነው።

ኮሞዶር 64 የሚባለው ኮምፒውተር በሌላ በኩል ቁጥር ሰጠ። የሱ 1541 ድራይቭ ዝም ብሎ ድራይቭ አይደለም። የራሱ ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ራም ያለው፣ ለብቻው ኤሌክትሪክ የሚሰካ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ድራይቮቹ እርስ በርስ በገመድ ይቀጣጠላሉ፣ ኮምፒውተሩም በቁጥር ይጠራቸዋል። ፕሪንተር 4 ነው፣ ዲስክ ከ8 ይጀምራል። ችግሩ ሁሉም ድራይቭ ከፋብሪካ ሲወጣ 8 መሆኑ ነው። ሁለት ስትገዙ ሁለት ስምንቶች አሏችሁ። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነበር። ወይ ክዳኑን ከፍቶ ሰርኪዩቱ ላይ ያለችውን ቀጭን መስመር በምላጭ መቁረጥ፣ ወይም አንዱን ብቻ አብርቶ "ከአሁን ጀምሮ 9 ነህ" የሚል ትእዛዝ መላክ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ማብራት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ 9 ቁጥሩን ይረሳና እንደገና 8 ይሆናል።

ድራይቮቹ የራሳቸው ጭንቅላት ስላላቸው የሚያስቅ ነገርም ይቻል ነበር። ሁለቱን ድራይቮች "እናንተው ተቀዳዱ" ብሎ ፕሮግራም ጭኖባቸው ኮምፒውተሩን ከመሃል መንቀል። እነሱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ሦስተኛው መንገድ ካሴቱን ራሱን በስሙ መጥራት ነው። የ1984ቱ ማኪንቶሽ ፊደልም ቁጥርም አያሳይም፤ ዲስክ ስትከቱ ስሙ ከስዕሉ ሥር ብቅ ይላል። ድራይቩ ማውጫ ቁልፍ እንኳን የለውም፤ ዲስኩን የሚያወጣው ማሽኑ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ሳያውቀው የሚቀየር ነገር የለም። ሲፒኤም በቁጣ የፈታውን ችግር አፕል ቁልፉን በመንሳት ፈታው። በ1985 የመጣው አሚጋ የተባለ ኮምፒውተር ሁለቱንም አስታረቀ። ድራይቩን በቦታው ትጠሩታላችሁ፣ ወይም ዲስኩን በስሙ ትጠሩታላችሁ። የጠራችሁት ዲስክ ከሌለ "እገሌን በማንኛውም ድራይቭ ክተት" ይላል። "በማንኛውም" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ዲስኩ መምጣቱን ለማወቅ ሲል ግን ባዶውን ድራይቭ ያለማቋረጥ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርገው ነበር። አሚጋ የነበረው ሰው ያ ድምፅ ዛሬም በሕልሙ ይመጣበታል።

ዶስም እኮ ዲስክ ላይ ስም መጻፍ ይፈቅድ ነበር። ዝርዝር ባሳያችሁ ቁጥር ከላይ "ድራይቭ ኤ ውስጥ ያለው ዲስክ ስም የለውም" እያለ ያሳስባችኋል። ብትሰይሙት ግን በዚያ ስም አይጠራውም። ለጌጥ ነው።

አሁን ወደ ሲ። በማርች 1983 አይቢኤም ኤክስቲ የተባለውን ፒሲ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ አስገብቶ አወጣ። ሃያ ስምንት ፍሎፒ ያህል ነው፤ ያኔ ማለቂያ የሌለው ይመስል ነበር። ዶስ ይህን አዲስ እንግዳ የት ያስቀምጠው? ኤ ተይዟል። ቢም ተይዟል፣ ድራይቩ አንድ ብቻ ቢሆንም፣ ከላይ ባየነው የሁለት ካሴት ብልሃት ምክንያት። ስለዚህ ሲ። ለእህቴ ልጅ መስጠት የነበረብኝ መልስ ይኸውላችሁ። ቢ የተያዘው ሁለተኛ ድራይቭ ስላለ ብቻ አይደለም፣ በሌለበትም እንዳለ ስለሚቆጠር ነው።

ሃርድ ዲስኩ የራሱ ኬብል ይዞ መጣ፤ ለትእዛዝ 34 ሽቦ ያለው፣ ለዳታ ደግሞ 20 ሽቦ ያለው። ባለ 34ቱ የፍሎፒውን ይመስላል፤ እሱም መሃሉ ተጠማዟል፣ ግን ከ25 እስከ 29 ባሉት ሽቦዎች ላይ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሁሉም ነገር ተሰክቶ ምንም አይሠራለትም። በኋላ አይዲኢ የሚባለው ባለ 40 ሽቦ ኬብል መጣና ሁለት ሃርድ ዲስክ በአንድ ላይ ተሰካ፤ ጃምፐርም ተመለሰ፣ አሁን "ማስተር" እና "ስሌቭ" ተብሎ። ስሙ ያሳስታል። አንዱ ሌላውን አያዝም፣ 0 እና 1 ቢባሉ ይበቃ ነበር።

የፊደሉ ጣጣ የባሰው ግን እዚህ ነው። ፍሎፒ ሁለት ቦታ ተከብሮለት ነበር። ሃርድ ዲስኮች ግን የሚሰለፉት በተራ ነው፣ ተራውም በእያንዳንዱ መነሳት እንደገና ይደለደላል። አንድ ሃርድ ዲስክ ዋና ክፍልና ተጨማሪ ክፍሎች (ፓርቲሽን) ተብሎ ሊከፋፈል ይችላል፤ የዶስ ደንብ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ሃርድ ዲስክ ዋና ክፍል በቅደም ተከተል ፊደል ያገኛል። ከዚያ በኋላ ነው ተመልሶ የመጀመሪያውን ዲስክ ተጨማሪ ክፍሎች፣ ከዚያ የሁለተኛውን የሚያድለው።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በራሴ ላይ አየሁት። ያለኝ አንድ ሃርድ ዲስክ ነበር፣ ለሁለት የተከፈለ። ሲ ላይ ዶስና ፕሮግራሞቹ፣ ዲ ላይ የጻፍኳቸው ነገሮች በሙሉ። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ አገኘሁ። ጃምፐሩን አስተካክዬ ሰካሁት፣ ክፍል አበጀሁለት፣ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ። ሲ እና ዲ ተይዘዋል፣ አዲሱ ኢ ነው ብዬ አሰብኩ። ማን አያስብም? "ፎርማት ኢ" ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ "በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?" አለኝ። ጣቴ "አዎ" ላይ ነበር።

ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። እምቢ ብዬ ወጣሁና "እስቲ ኢ ላይ ምን አለ" ብዬ ዝርዝሩን ጠየቅኩት። የራሴ ደብዳቤዎች ተደርድረው መጡ። በደንቡ መሠረት አዲሱ ዲስክ ዋና ክፍል ስላለው ከእኔ ተጨማሪ ክፍል ቀድሞ ዲን ወስዷል፣ የድሮው ዲ ደግሞ ወደ ኢ ተገፍቷል። ማንም ምንም አላለኝም። ዲ ብዬ የማውቀው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ፣ የኔ እቃ ጎረቤት ተዛውሮ ነበር።

አንዳንድ የፎርማት ትእዛዝ ስሪቶች ሃርድ ዲስክ ከመደምሰሳቸው በፊት "የዲስኩን ስም ጻፍ" ይላሉ። ያ ለጌጥ ነው ያልኩት ስም እዚህ ላይ ይጠቅማል። መፍትሔው ግን ሌላ ነበር፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ዋና ክፍል አለማበጀት፣ ተጨማሪ ክፍል ብቻ ማበጀት። ያኔ ከኋላ ይሰለፋል፣ የማንንም ፊደል አይገፋም። ይህን የሚያውቅ ቴክኒሻን ያኔ ወርቅ ነበር።

ፊደል ለዲስክ ተሰጥቶ በማስታወሻ የሚያዘው፣ በየመነሳቱ የማይደለደለው፣ ከዊንዶውስ ኤንቲ መስመር ወዲህ ነው። ዛሬ አዲስ ዲስክ ብትሰኩ የእህቴ ልጅ ፊልሞች ከዲ አይነቃነቁም። ፍላሽ ሲሰካም ያልተያዘ ፊደል ይፈለግለታል፣ ኤ እና ቢ ግን ተዘልለው ነው።

ፎርማቱ አልቆ ላፕቶፑን ስመልስለት አንድ ነገር አሳየሁት። በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ገጽ ገብቶ የፍላሽን ፊደል መቀየር ይቻላል፣ ኤ እና ቢም ምርጫው ውስጥ አሉ። ፍላሹን ቢ አደረገው። በማግስቱ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ጓደኞቼ ፍላሼን እያዩ ይሄ ቫይረስ ነው እያሉኝ ነው።"